ሕክምና ለመግባት ባዮሎጂ ብቻ አይበቃም፦ ለ12ኛ ክፍል ፈተና እንዴት እንዘጋጅ?

«ዶክተር መሆን እፈልጋለሁ» የሚል የ12ኛ ክፍል ተማሪ ደብተሮቹን ቢያሳያችሁ አንድ ነገር ታያላችሁ። የባዮሎጂው በአራት ቀለም ተሰምሮበታል። ጠርዙ ላይ ሳይቀር የልብ ሥዕል አለ። የእንግሊዝኛው ግማሹ ባዶ ነው። አፕቲትዩድ (የማሰብ ችሎታ ፈተናው) ደግሞ ጭራሽ ደብተር የለውም። «እሱ ምን ይጠናል? ያው ጭንቅላት ነው» ይባላል።

ተማሪዎችን ሳስጠና ደጋግሜ ያየሁት ይህንን ነው። ልጆቹ ሰነፎች አይደሉም። እንዲያውም ሌሊቱን ያነጋሉ። ችግሩ ድካማቸው ነጥቡ ካለበት ቦታ ላይ አለመዋሉ ነው። የተፈጥሮ ሳይንስ ተፈታኝ ስድስት ትምህርት ይፈተናል፦ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ አፕቲትዩድ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ። እያንዳንዱ ከ100 ይታሰባል፣ ድምሩ ከ600። እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና አፕቲትዩድ ብቻቸውን 300 ናቸው። ግማሹ ማለት ነው። ሕክምና ክፍል የሚያስገባው ውድድር ግማሹ ስለ ደም ዝውውርም ስለ ሕዋስም አይጠይቅም።

ይህ መመሪያ በዚህ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው። ከመስከረም ብትጀምሩት ጥሩ። ጥር ላይም ሆናችሁ ካነበባችሁት አልረፈደም፣ ግን አንዳንዱን ማሳጠር ይኖርባችኋል።

1. መጀመሪያ ፈተናውን እወቁት

ፈተናው ከባድ መሆኑን ማንም አይክድም። ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ 50 በመቶና በላይ ያመጡት በ2014 ተፈታኞች 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ። ቁጥሩ ከፍ እያለ ነው። ግን አሁንም ከአሥር ተማሪ አንድ እንኳ አይሞላም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ለዩ። 50 በመቶ ማለፊያ ነው፣ የሕክምና መግቢያ አይደለም። ሕክምና የሚገባው ካለፉት ውስጥ የተሻለ ያመጣው ነው። ስለዚህ ዓላማችሁ «300 ባመጣ» ከሆነ ገና ከጅምሩ ዝቅ አድርጋችሁ አልማችኋል።

ሁለተኛው ነገር ሽፋኑ ነው። ጥያቄ የሚወጣው ከ12ኛ ክፍል መጽሐፍ ብቻ አይደለም፣ የ9ኛ፣ የ10ኛና የ11ኛም ይመጣል። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከመጣ ወዲህ የትኛው ክፍል ከየትኛው መጽሐፍ እንደሚወጣ ያደናገራቸው ብዙ ናቸው። ትምህርት ሚኒስቴር የሚያወጣውን ማስታወቂያ ራሳችሁ አንብቡት። «አንድ ልጅ እንዲህ አለኝ» በሚል ወሬ የሁለት ዓመት መጽሐፍ አትዝለሉ።

ሦስተኛ፣ ፈተናው ምርጫ ብቻ ነው። ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ። ለተሳሳተ መልስ ነጥብ አይቀነስም። ካልኩሌተር አይገባም። እነዚህ ሦስት ነገሮች ቀላል ይመስላሉ፣ ግን የጥናታችሁን መንገድ ይወስናሉ። ወደ ኋላ እመለስባቸዋለሁ።

2. ከማጥናታችሁ በፊት ተፈተኑ

አብዛኛው ሰው ይህንን ደረጃ ይዘለዋል፣ ምክንያቱም ያስፈራል። «ገና ሳላነብ ምን ልሠራ?» ይላል። ልክ ለዚህ ነው የሚሠራው።

ያለፈ ዓመት ፈተና ፈልጉ። በትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍትም በቴሌግራምም በሽ በሽ ነው። በስድስት ቀን ስድስቱን ሥሩ፣ በቀን አንድ። ሰዓት ይዛችሁ፣ ስልክ አጥፍታችሁ፣ ደብተር ሳትከፍቱ። ከዚያ አርሙትና ውጤቱን ወደ መቶ ቀይራችሁ በአንድ ወረቀት ላይ ጻፉት።

እንበል እንዲህ መጣ፦ ባዮሎጂ 82፣ ኬሚስትሪ 70፣ ፊዚክስ 50፣ ሒሳብ 45፣ እንግሊዝኛ 60፣ አፕቲትዩድ 55። ድምር 362።

አሁን ራሳችሁን ጠይቁ። ባዮሎጂን ከ82 ወደ 90 ለማድረስ ስንት ወር ይፈጃል? የቀሩት ጥያቄዎች ከባዶቹ ናቸውና ረጅም ጊዜ ይወስዳል። የሚገኘው ደግሞ 8 ነጥብ ነው። እንግሊዝኛን ከ60 ወደ 75 ማድረስ 15 ነጥብ ነው። ሒሳብን ከ45 ወደ 65 ማድረስ 20። ድምሩ ውስጥ የባዮሎጂ ነጥብና የእንግሊዝኛ ነጥብ አይለያዩም። አንድ ነጥብ አንድ ነጥብ ነው።

ይህን ወረቀት ከምታጠኑበት ጠረጴዛ ፊት ለፊት ለጥፉት። የምትወዱትን ትምህርት እያነበባችሁ ከምትፈሩት ስትሸሹ ያጋልጣችኋል። ሁላችንም የምንችለውን ስናነብ ደስ ይለናል፣ ያነበብን ያነበብን ይመስለናል።

3. ዓመቱን ከፋፍሉት

ፈተናው አብዛኛውን ጊዜ በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ ነው። በዚያ ላይ የ12ኛ ክፍል መደበኛ ትምህርት አለ፣ የክፍል ፈተና አለ፣ የቤት ሥራ አለ። ስለዚህ ትልቅ ዕቅድ አታውጡ። ግድግዳ ሙሉ የሰዓት ሰሌዳ ያወጣ ልጅ በሁለተኛው ሳምንት ሲተወው ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ይልቅ እንዲህ አድርጉ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ የ9ኛንና የ10ኛን ክፍተት ሙሉ። በተለይ ሒሳብና ኬሚስትሪ፣ ምክንያቱም የ12ኛው በእነዚያ ላይ ይቆማል። ሞል ያልገባው ተማሪ ስለ አሲድና ቤዝ ስሌት ቢነግሩት አይገባውም። ከጥር እስከ መጋቢት የ11ኛን ጨርሱ። የ12ኛውን ከክፍል ጋር እኩል ሂዱ፣ ወደ ኋላ አትቅሩ። ከሚያዝያ ጀምሮ አዲስ ነገር ማንበብ ቀንሱና ሙሉ ፈተና ወደ መሥራት ግቡ።

በቀን ስንት ሰዓት? ከትምህርት ቤት ውጭ ሦስት ጥሩ ሰዓት ካገኛችሁ ብዙ ነው። ጥሩ ሰዓት ስል ስልኩ ሌላ ክፍል ሆኖ ማለቴ ነው። አንዱን ሰዓት በየቀኑ ከእንግሊዝኛ፣ ከሒሳብና ከአፕቲትዩድ ለአንዱ ስጡ፣ ተራ በተራ። ሌላው ለሳይንሶቹ ይሁን። ቅዳሜ ወይም እሑድ አንድ ግማሽ ቀን ዕረፉ። ቤተ ክርስቲያን ሂዱ፣ መስጊድ ሂዱ፣ ኳስ ተጫወቱ። ዕረፍቱ ከዕቅዱ ውስጥ ይግባ፣ አለበለዚያ ሰርቃችሁ ታርፉና ጸጸቱ ይበላችኋል።

በሚያዝያ ለሚጀምሩት ደግሞ የአባቶች ተረት አለ፦ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ግን ለእነሱም መንገድ አለ። ደረጃ 2ን ሠርተው፣ ዝቅተኛ ያመጡባቸውን ሁለት ትምህርቶች መርጠው፣ በእነሱ ላይ ይክረሙ።

4. አንድ ምዕራፍ እንዴት ይጠናል?

የብዙዎች ዘዴ ይህ ነው፦ ማንበብ፣ ማስመር፣ እንደገና ማንበብ፣ መሸምደድ። ሦስተኛ ጊዜ ሲነበብ ገጹ ይለመዳል። የለመድነውን ያወቅነው ይመስለናል። ፈተና ላይ ግን መጽሐፉ የለም።

የሚሻለው እንዲህ ነው። ምዕራፉን አንድ ጊዜ በጥሞና አንብቡ። መጽሐፉን ዝጉ። ባዶ ወረቀት ላይ የምታስታውሱትን ሁሉ ጻፉ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም በትግርኛም ይሁን፣ ስሞቹን ብቻ በእንግሊዝኛ። ከዚያ ከፍታችሁ የጎደለውን በሌላ ቀለም ሙሉ። ያ የተለየ ቀለም የሚጠና ነው፣ ሌላውን ታውቁታላችሁ። ወዲያው ከዚያ ምዕራፍ ሃያ ወይም ሠላሳ ጥያቄ ሥሩ። ከሦስት ቀን በኋላ ያንኑ ወረቀት ሳታዩ እንደገና ሞክሩ፣ ከሳምንት በኋላ ደግሞ አንዴ። የሚያደክም ነው። ማንበብ ብቻ ከዚህ ይቀላል። ሰው የሚሸሸውም ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። የስህተት ደብተር ያዙ። ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህንን ውሰዱ።

አንድ ምሳሌ በቅርብ እንይ። ከጄኔቲክስ የሚወጣ የተለመደ ዓይነት ጥያቄ ነው። አባቷ ቀይና አረንጓዴ ቀለም የማይለይ፣ ራሷ ግን ዓይኗ ደህና የሆነ ሴት፣ ዓይኑ ደህና የሆነ ወንድ አገባች። ከወንዶች ልጆቻቸው ቀለም የማይለይ የመሆን ዕድሉ ስንት ነው? ምርጫዎቹ፦ ዜሮ፣ አንድ አራተኛ፣ አንድ ሁለተኛ፣ አንድ።

አንድ ተማሪ አንድ አራተኛ ብሎ መለሰ። ሲታረም ስህተት ሆነ። «ኧረ ይሄን አውቀዋለሁ፣ ኬርለስ (የጥንቃቄ ጉድለት) ነው!» አለና አለፈ።

እስኪ እንየው። ችግሩ የሚተላለፈው በኤክስ ክሮሞዞም ነው። ሴቲቱ ከአባቷ የተበላሸውን ኤክስ ወስዳለች፣ ከእናቷ ደህናውን። ስለዚህ ተሸካሚ ናት። ባሏ ደህና ኤክስና ዋይ አለው። ከሚወለዱት አራት ዓይነት ልጆች አንዱ ብቻ ቀለም አይለይም፣ እሱም ወንድ ነው። ከልጆች ሁሉ ከተጠየቀ አንድ አራተኛ። ጥያቄው ግን «ከወንዶች ልጆቻቸው» ነው የሚለው። ወንዶቹ ሁለት ዓይነት ናቸው፣ አንዱ ደህና አንዱ አይለይም። መልሱ አንድ ሁለተኛ ነው።

ልጁ ጄኔቲክስ ያውቃል። ሠንጠረዡንም በትክክል ሠርቶታል። የሳተው ማንበብ ላይ ነው። ይህ ልጅ ተመልሶ የጄኔቲክስን ምዕራፍ ሙሉውን ቢያነብ ምን ያተርፋል? ምንም። እሱ የሚያስፈልገው ከመልሱ በፊት የተጠየቀውን ቃል ማስመር መልመድ ነው።

ለዚህ ነው በስህተት ደብተሩ ላይ መልሱን ብቻ ሳይሆን የተሳሳታችሁበትን ምክንያት የምትጽፉት። ምክንያቱ ከአራት አንዱ ነው፦ ጭራሽ አላውቀውም፣ አውቀው ነበር ረሳሁት፣ ጥያቄውን በትክክል አላነበብኩትም፣ ወይም ስሌት ላይ ሳትኩ። «ኬርለስ» የሚባል አምስተኛ ምክንያት አትፍቀዱ። በየሁለት ሳምንቱ ቁጠሩ። የመጀመሪያው ከበዛ ንባብ ያስፈልጋል። ሁለተኛው ከበዛ ክለሳ። ሦስተኛው ከበዛ እንግሊዝኛ ወይም ችኮላ ነው። አራተኛው ከበዛ ያለ ካልኩሌተር መሥራት አልለመዳችሁም።

የሞከራችሁትን ጥያቄ ብዛት ሳይሆን በስህተት ደብተሩ ያለውን ደግማችሁ መሥራት መቻላችሁን ለኩ። አምስት ሺህ ጥያቄ ሠርቶ ያንኑ ስህተት አምስት መቶ ጊዜ የሚደግም አለ።

5. ትምህርት በትምህርት

*እንግሊዝኛ።* የቆዩት ወረቀቶች 120 ጥያቄ በ2 ሰዓት ነበሩ። ለአንድ ጥያቄ አንድ ደቂቃ፣ የምንባቡን ማንበቢያ ጨምሮ። ስለዚህ ሰዋስው መሸምደድ ብቻ አያድንም፣ ፍጥነት ይፈልጋል። በየቀኑ ሁለት ገጽ የማታውቁትን ጽሑፍ በእንግሊዝኛ አንብቡ። ዜናም ይሁን የጤና ጽሑፍ፣ የምትወዱት ይሁን። የማታውቁት ቃል ሲመጣ ወዲያው መዝገበ ቃላት አትክፈቱ። ከዓረፍተ ነገሩ ገምቱ፣ ከዚያ አረጋግጡ። ፈተናው ላይ የሚጠየቀው ያንኑ ነው። ደግሞም የእንግሊዝኛ ጥቅሙ በእንግሊዝኛ ፈተና አያበቃም። የሌሎቹም ጥያቄዎች የተጻፉት በእንግሊዝኛ ነው። በተለይ ከክልል ከተሞችና ከገጠር የሚመጡ ጎበዞች ብዙ ነጥብ የሚያጡት በዚህ ነው እላለሁ። ፊዚክሱን ያውቁታል፣ ጥያቄው ምን እንዳላቸው ግን አልገባቸውም።

*አፕቲትዩድ።* ይጠናል። የቃላት ዝምድና፣ የቁጥር ጥያቄ፣ የምክንያትና ድምዳሜ ጥያቄ ነው ያለው። ዓይነታቸው ይደጋገማል። ለምሳሌ፦ አንድ ሰው አዳማ ሲሄድ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር፣ ሲመለስ 40 ኪሎ ሜትር ነዳ። አማካይ ፍጥነቱ ስንት ነው? አብዛኛው ሰው 50 ይላል። በዝግታ የተነዳበት ጊዜ ይረዝማልና መልሱ 48 ነው። ይህን ዓይነት አንድ ጊዜ የተሸወደ ሁለተኛ አይሸወድም። ስለዚህ ቀድማችሁ ቤታችሁ ተሸወዱ። በሳምንት ሁለት ጊዜ ሠላሳ ጥያቄ ቢሠራ በሦስት ወር ለውጡ ይታያል። ከስድስቱ ውስጥ በትንሽ ድካም ብዙ ነጥብ የሚሰጠው ይህ ይመስለኛል።

*ሒሳብ።* በቆዩት ወረቀቶች 65 ጥያቄ በ3 ሰዓት ነው። ለአንዱ ሦስት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ሒሳብ አይነበብም፣ ይሠራል። የመምህሩን አሠራር አይቶ «ገብቶኛል» ማለት ሌላ፣ ባዶ ወረቀት ላይ ብቻ ሆኖ መሥራት ሌላ። ምርጫዎቹን ወደ ጥያቄው መልሶ መሞከርንም ልመዱ፣ አንዳንዴ ከመሥራት ይፈጥናል።

*ኬሚስትሪና ፊዚክስ።* ያለ ካልኩሌተር እጃችሁን አፍታቱ። ሎግ 2 ማለት 0.3 ገደማ መሆኑን፣ ሎግ 3 ደግሞ 0.48 ገደማ መሆኑን የያዘ ተማሪ የ0.002 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ፒኤች ሲጠየቅ በቃሉ ይሠራዋል፦ 3 ሲቀነስ 0.3፣ 2.7። በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር በሰከንድ 20 ሜትር መሆኑን ለማግኘት ለ3.6 ማካፈል ነው። አሃድ መቀየር ረስቶ የሚስት ተማሪ ለጉድ ነው። ፈታኞችም ያውቁታል፣ ያልተቀየረው ቁጥር ከምርጫዎቹ መሃል ተቀምጦ ይጠብቃችኋል። ቀመሩን ከመሸምደዳችሁ በፊት እያንዳንዱ ፊደል ምን እንደሆነና አሃዱ ምን እንደሆነ ጻፉ።

*ባዮሎጂ።* ይህን ስለምትወዱት ብዙ አልልም። በቆዩት ወረቀቶች 100 ጥያቄ በ2 ሰዓት ሲሆን ለአንዱ 72 ሰከንድ ነው። ዝርዝር ስሞችን ብቻ ሳይሆን «ይህ ቢጎድል ምን ይፈጠራል?» የሚለውን እየጠየቃችሁ አጥኑ።

6. ከሚያዝያ በኋላ፦ ሰዓት

በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ሙሉ ፈተና ሥሩ፣ ጠዋት ላይ፣ ፈተናው በሚሰጥበት ሰዓት ገደማ። ትምህርት ቤታችሁ ወይም ክልላችሁ የሚሰጠውን ሞዴል ፈተና እንደ እውነተኛው ቁጠሩት። ከጓደኛ መገልበጥ እዚህ ላይ ራስን ማታለል ብቻ ነው።

ሦስት ዙር ሂዱ። በመጀመሪያው ዙር የምታውቁትን ብቻ ሥሩ፣ ከባዱን ምልክት አድርጋችሁ እለፉ። በሁለተኛው ወደ ምልክቶቹ ተመለሱ። በመጨረሻዎቹ አምስት ደቂቃዎች ባዶ የቀረውን ሁሉ ሙሉ። ነጥብ ስለማይቀነስ ባዶ መተው የስጦታ ዕድል መጣል ነው። ሁለት ምርጫ መጣል ከቻላችሁ ዕድላችሁ ግማሽ በግማሽ ሆነ።

በወረቀት የምትፈተኑ ከሆነ የመልስ ወረቀቱን ማጥቆር ተለማመዱ። ጥያቄ ዘልላችሁ መልሱን ሳትዘሉ ብትቀጥሉ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ይዛባል። በየአሥር ጥያቄው ቁጥሩን አመሳክሩ። በኮምፒውተር ከሆነ ደግሞ ቀድማችሁ ማውስ መያዝ ልመዱ። ይህ ሊያስቅ ይችላል፣ ግን ኮምፒውተር ነክቶ የማያውቅ ብዙ ልጅ አለ። ትምህርት ቤታችሁ የኮምፒውተር ክፍል ካለው አንድ ሁለት ሰዓት ለምኑ።

7. ቴሌግራም፣ ጫትና ቤተሰብ

ቴሌግራም ጥሩም መጥፎም ነው። መጽሐፍና የቆየ ፈተና ታገኙበታላችሁ። ግንቦት ሲደርስ ግን «የዘንድሮው ፈተና እጃችን ገብቷል» የሚሉ ይፈላሉ። በ2008 ፈተናው ሾልኮ ወጥቶ ተሰርዞ እንደገና መሰጠቱ እውነት ነው። ተማሪው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ ስልክ ሳይዝ እንዲፈተን የተደረገውም ኩረጃንና እንዲህ ያለውን ለማስቀረት ነው። ዛሬ ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ሰው የሚሸጥላችሁ የቆየ ወረቀት ነው፣ ሽፋኑን ቀይሮ። ብራችሁንም የጥናት ሳምንታችሁንም ይወስዳል። ከቻናሉ ውጡ።

ጫት ቅሞ ማንጋት በተማሪው ዘንድ የተለመደ ነገር ሆኗል። ስለ ሥነ ምግባር አላወራም። ስለ ነጥብ ላውራ። ቀን ያነበባችሁት በአእምሮ የሚረጋው ስትተኙ ነው። እንቅልፍ አጥቶ የተነበበ ምዕራፍ በማግስቱ ግማሹ የለም። ነገ የሕክምና ተማሪ ሆናችሁ ይህንኑ ትማሩታላችሁ፣ ከዛሬ ብታውቁት ምን አለበት። ቢያንስ ሰባት ሰዓት ተኙ።

መብራት ይጠፋል። ሻማ ፍለጋ ከመሮጥ ይልቅ ለጨለማ ሰዓት የሚሆን ሥራ መድቡ፦ የተጻፈውን በቃል መጠያየቅ፣ ለታናሽ ወንድም ወይም እህት የልብን አሠራር ማስረዳት። የስድስተኛ ክፍል ልጅ ከገባው ገብቷችኋል።

ወላጆች ይህን የምታነቡ ከሆነ አንድ ልመና አለኝ። «የእነ እገሌ ልጅ ሕክምና ገባች» የሚለውን ቡና ላይ አታንሱት። ልጁ ሰምቶታል። ይልቅ ማታ እንጀራው ሲቀርብ ውኃ ቅዳ፣ ሱቅ ሂድ የሚለውን ለሌላ ሰው ስጡ። በተለይ ሴት ልጆችን አሳርፏቸው። ወንዱ ሲያጠና እሷ ወጥ ስትሠራ የምታመሽበት ቤት ብዙ ነው። ከዚያ «እሷ ዘንድሮ ደከመች» ይባላል።

8. የግቢው ሳምንት

ብዙው ተማሪ የሚፈተነው በዩኒቨርሲቲ ነው፣ ዶርም እያደረ። ከቤት ርቆ አድሮ ለማያውቅ ይህ ራሱ ፈተና ነው። ትምህርት ቤታችሁ የሚነግራችሁን የሚያዝና የማይያዝ ነገር ዝርዝር አንብቡ። የመፈተኛ ካርድና መታወቂያ ከሁሉ በፊት ያዙ። ስልክ፣ ስማርት ሰዓትና ማንኛውም ኤሌክትሮኒክስ ክልክል ነው። «ለእናቴ ልደውልበት» ብሎ መደበቅ ከፈተና ሊያስባርር ይችላል። በእጅ ሰዓት የለመዳችሁ ከሆነ ያለሱ መሥራትን ቤት ተለማመዱ።

ክረምት ነው፣ ሹራብና ብርድ ልብስ አትርሱ። ብዙ እርሳስ፣ ላጲስና መቅረጫ ያዙ። የምትወስዱት መድኃኒት ካለ ከነማዘዣው ያዙት። ሆዳችሁን ጠብቁ፣ ያልለመዳችሁትን ምግብ በዚያ ሳምንት አትሞክሩ። የሰኔ ጾም እስከ ሐምሌ 5 ስለሆነ የሚጾም ሰው ምን እንደሚበላ አስቀድሞ ያስብ። ቆሎ ወይም ዳቦ ቆሎ በቦርሳ ቢኖር አይጎዳም።

የስህተት ደብተራችሁን ይዛችሁ ግቡ፣ መጽሐፍ አታግበስብሱ። ከአንዱ ፈተና ወጥታችሁ «ስንተኛው ምን ነበር?» ከሚሉት ጋር አትቁሙ። ያለፈውን ማስተካከል አትችሉም፣ ቀጣዩ ላይ ግን ሊያናውጣችሁ ይችላል።

9. ውጤት ከወጣ በኋላ

ጥሩ መጣ እንበል። ሕክምና ገና አልተገባም። አብዛኛው ዩኒቨርሲቲ ተማሪውን መጀመሪያ ፍሬሽማን (የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ትምህርት) ያስገባውና ከዚያ በሚያመጣው ውጤትና በ12ኛው ነጥብ ያወዳድረዋል። ለሁለቱ የሚሰጠው ክብደት ከግቢ ግቢ ይለያያል። የራሳቸውን መግቢያ ፈተና የሚሰጡም አሉ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱ የመግቢያ ፈተና አለው። የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅም በራሱ ፈተና ተማሪ ሲመርጥ ቆይቷል። የዓመቱን ማስታወቂያ ሳታዩ ምርጫ አትሙሉ።

ፍሬሽማን ላይ ያው የድሮው ወጥመድ ይጠብቃል። ተማሪው ባዮሎጂና ኬሚስትሪ ላይ ይተክላል፣ ሎጂክን፣ ሳይኮሎጂንና ጂኦግራፊን «ኮመን ነው» ብሎ ይንቃል። ሬጅስትራር ግን ክሬዲት አወር (የኮርሱን ክብደት) ነው የሚያየው። ሦስት ክሬዲት ያለው ሎጂክ ላይ የመጣ ሲ ሦስት ክሬዲት ባለው ሌላ ኮርስ ላይ ከመጣ ሲ እኩል ነጥብ ያወርዳል።

ከ50 በመቶ በታች ከመጣ ሚኒስቴሩ የሪሜዲያል (ላላለፉ ተማሪዎች የሚሰጥ የማካካሻ ትምህርት) መቁረጫ ነጥብ እስኪያሳውቅ ጠብቁ። በሪሜዲያል አልፎ ፍሬሽማን የገባ ተማሪ ከሌላው ጋር ይወዳደራል። በግል ተመዝግቦ በቀጣዩ ዓመት መፈተንም አለ። ለዚያ የምትዘጋጁ ከሆነ መጽሐፉን ከገጽ አንድ አትጀምሩ። የስህተት ደብተሩን አውጡና ከእሱ ጀምሩ።

ግቢ እንደገባችሁ በመጀመሪያው ሳምንት ሁለተኛ ዓመት ሕክምና ያሉ ልጆችን ፈልጋችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ምደባው በየትኛው ሴሚስተር ውጤት ነው የሚሠራው? የ12ኛው ነጥብ ስንት በመቶ ይያዛል? ሌላ መለኪያ አለ ወይ? ከዚያ ሬጅስትራር ሄዳችሁ ያንኑ አረጋግጡ። ባለፈው ዓመት የሠራው አሠራር ዘንድሮ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል።